ዳማ በአልጋ ጠፍር የሄደች ዕለት

ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው ሁሉ እውነት ነው፤ የጥፍር ታህል ውሸት አልገባበትም። እንዲህ ብሎ የማለው ቅጣው ጸሐዩ ነው። ሲምልም ዝም ብሎ በአፉ ብቻ አልነበረም፤ ግራ እጁን በመኪናቸው በዳማ ኮፈን ላይ ጭኖ፣ ፊቱን ወደ ደሃና ተራሮች አዙሮ፣ «አንዲት ነገር የጨመርኩ እንደሆነ ወይራ አምባ ማርያም ትታዘበኝ፣ ዳማም ከዛሬ ጀምሮ ዳገት አትውጣልኝ» ብሎ ነው። ቀኝ እጁን ያልጫነው ቀኝ ትከሻው ከጥር ወዲህ ስለሚያስቸግረው ነው፤ ሲጠይቁት «ብርድ ነው» ይላል። እንዲህ ያለ መሐላ የማለን ሰው መጠርጠር ደግሞ ነውር ነው።

ቦታው ሰቆጣ፣ የመካኒኩ የምንዋጋው ጋራዥ ነው። ጋራዥ ይባል እንጂ ያለው አንድ የቆርቆሮ ጥላ፣ ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ መሬትና ሞርሳ የታሰረበት ግንድ ነው። ቅጣው ግን ለእንግዳ ሲናገር «ከአዲስ አበባ ወዲህ አቻ የለውም፣ አዲስ አበባም ብትሆን ታስብበታለች» ይላል። መጋቢት ተጋምሷል፤ ገና ጠዋት ነው። ዳማ፣ ያቺ አሮጌ ላንድክሩዘር፣ በክሪክ ተነስታ፣ የኋላ ጎማዋ ወልቆ፣ ምንዋጋው ከሥሯ በጀርባው ተንጋሏል። ከወልዲያ የታዘዘው ጎሚኒ በመጨረሻ በሚኒባስ መጥቶለታል።

ጎሚኒ ማለት ለማያውቀው ሰው፣ ባሌስትራ የሚባለው ክብደት ተሸካሚ ብረት ከመኪናው አካል ጋር በሚያያዝበት ዓይን ውስጥ የምትገባ፣ ከቡና ስኒ የማትበልጥ ጎማ ናት። ትንሽ ናት፤ ግን እሷ ካለቀች ብረት ብረትን መምታት ይጀምራል፣ መኪናም እንደ ተቀየመ ሰው መንገዱን ሙሉ ትነጫነጫለች።

አድማጮቹ ብዙ አልነበሩም። ቅጣው በኋላ ሲያወራው ግማሹ ሰቆጣ እዚያ ነበር፤ የነበሩት ግን ሻይ ይዛ የመጣችው ጥሩሐረግ፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣው የግብርና ባለሙያ ካሤ፣ እግሩ ብቻ ከመኪናው ሥር የሚታየው ምንዋጋው፣ እና የቅጣው አባት አባባ ጸሐዩ ናቸው። አባባ ጸሐዩ ከመኪና በተነቀለ አሮጌ ወንበር ላይ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ፀሐይ ይሞቃሉ። ተኝተዋል ብሎ ሁሉም ትቷቸዋል።

ነገሩን የቆሰቆሰው ካሤ ነው።

«ጋሽ ቅጣው፣ ይቺ መኪና ጎሚኒ አጥታ ከጥር ጀምሮ ቆማለች ይሉኛል፤ እውነት ነው?»

«ቆማለች?» አለ ቅጣው፣ የሻይ ብርጭቆውን በግራ እጁ መሬት ላይ አስቀምጦ። «ማን ነው እንዲህ ያለው? ለአስተርእዮ ማርያም ወይራ አምባ ድረስ ወጥታ የተመለሰች መኪና ቆማለች ትባላለች?»

«ያለ ጎሚኒ?»

«በጎሚኒ እንጂ! ብቻ ጎማ ያልሆነ ጎሚኒ። ምንዋጋው አሁን መትቶ ሲያወጣው በዓይንህ ታያለህ።»

ከመኪናው ሥር መዶሻው ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ቀጠለ። መሐላው የመጣው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር።

ዳማን ዳማ ያሏት አባባ ጸሐዩ ናቸው፤ ቀለሟ በዚያን ጊዜ እንደ ዳማ ፈረስ ያብለጨልጭ ስለነበር። እሳቸው የዋግ አንደኛ ሹፌር ነበሩ። ቅጣው ሲያወራው የኢትዮጵያ አንደኛ ይሆናሉ፤ ሻይ ሲደገምለት የአፍሪካ። መኪናዪቱ የአንድ እርዳታ ድርጅት ነበረች። ድርጅቱ ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ለጨረታ ቀረበች፤ የመጣው ተጫራች ሁሉ ቁልፍ ቢያዞር ቢያዞር አልነሳ አለች፤ አባባ ጸሐዩ ገና በሩን ሲከፍቱ ግን በራሷ ተነሳች። ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ነበር። እንዲህ ናት ዳማ።

ያ ጊዜ! ከሰቆጣ አምደወርቅ የሚወስደው መንገድ ያኔ ከመሬት ላይ ይልቅ የነበረው አባባ ጸሐዩ ራስ ውስጥ ነው። ክረምቱ ጠርጎ የወሰደውን በበጋ አስታውሰው ይነዱበታል። ቅጣው ከኋላ፣ ጆንያ ላይ ይቀመጣል፤ ናፍጣና ማሽላ አንድ ላይ ይሸቱታል። ዛሬ ድረስ ናፍጣ ሲሸተው ሆዱ ይባባል፣ እዚያው ላይ ደግሞ ይርበዋል። እናቱ ብርሃነሽ ወይራ አምባ ጫፍ ላይ ቆማ የዳማን ድምፅ ከማዶ ሸንተረር ትለየዋለች። ሌላ መኪና ሲያልፍ ቀና አትልም፤ ዳማ ስትሆን ግን የያዘችውን ጥላ ወደ ገደሉ አፋፍ ትወጣለች። ነጠላዋን ታውለበልባለች። አባባ ጸሐዩም በጥሩምባ ይመልሱላታል፤ ጥሩምባው ከሦስት ተራራ ላይ ተመልሶ ሲመጣ ቅጣው ሦስት አባት ያለው ይመስለው ነበር።

ዳማ አምደወርቅ ላይ ትቆማለች። ከዚያ ወዲያ የእግርና የአህያ መንገድ ነው። ልጁን እንቅልፍ ከወሰደው አባትየው አዝለውት ዳገቱን ይወጣሉ። ቅጣው ከዚያ ሁሉ ዳገት የሚያስታውሰው ጉንጩ ያረፈበትን የካኪ ኮት ብቻ ነው፤ ሻካራ ነበር፣ ሞቃትም ነበር። ይሄን ሲናገር ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ቶሎ ብሎም ወደ ዳማ ይመለሳል።

ብርሃነሽ እዚያው ወይራ አምባ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውስጥ፣ ወይራ ሥር ተቀበረች። አባባ ጸሐዩ ልጃቸው ዘንድ ሰቆጣ ገቡ፤ ከዚያ ወድቀው ዳሌያቸው ተጎዳ፣ መራመድም ቀረ። በየዓመቱ ለአስተርእዮ «ዘንድሮ እሄዳለሁ» ይላሉ፤ በየዓመቱ አልሆነም። ባለፈው ጥር ግን ቅጣውን አልጋቸው አጠገብ አስቀመጡት።

«ዘንድሮ ካልሄድኩ ሌላ ዘንድሮ የለኝም» አሉት። «እናትህ አጠገብ፣ ከዚያች ወይራ ሥር ተቀምጬ ከበሮውን ልስማ። ከዚያ ወዲያ እንደ ፈቃዱ።»

«አደርስዎታለሁ፣ አባዬ።»

«በዳማ ነው የምሄደው።»

የሰፈር ሰዎች በቃሬዛ እንውሰድዎ ብለዋቸው ነበር፤ ተቆጥተው መለሷቸው። «አገር ሙሉ ሰው ጭኜ የኖርኩ ሹፌር እንደ ጆንያ ልጫን? በሰው ትከሻ የምሄደው ስሞት ነው፤ ያኔ አላይም፣ አልሰማም።» ብቻ አንድ ችግር ነበር፤ ዳማ እንደዚያ እየተንኳኳች ያ ወገብ አይችላትም።

መንኳኳትስ ተንኳኩታ ነበር! የኋላዋ ጎሚኒ አልቆ አልቆ የሽማግሌ ድድ መስሏል። እሷ ሰቆጣ ላይ ስትንኳኳ አምደወርቅ ያሉ ቄስ «ደወሉ አመለጠኝ» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ይሮጣሉ። አበርገሌ ቆላ ያሉ ፍየሎች ምጥ ይመጣባቸዋል። ጭላዳ ዝንጀሮ እንኳ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ላስታ ተሰዷል። ከኋላዋ የተሳፈረ ሰው ሲወርድ መጀመሪያ ጥርሱን በምላሱ ዳስሶ፣ ሁሉም መኖሩን አይቶ ነው ደህና ዋሉ የሚለው።

«እኔስ ተሳፍሬባት የኖረብኝ ቁርጥማት ለቀቀኝ» አለች ጥሩሐረግ።

«እሱስ የት ሄደ?» አለ ካሤ።

«አጠገቤ ወደተቀመጠችው ሴትዮ።»

«ይኸው ምስክር!» አለ ቅጣው።

ጎሚኒ ሰቆጣ ላይ ጠፋ። ወልዲያ ታዘዘ፤ ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ሲባል በዓሉ ደጃፍ ላይ ደረሰ። ምንዋጋው ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጦ ሞከረ፣ ፈረከሰ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ እጁን ይሰጣል። ቅጣው ግን አባቱ ክፍል ገብቶ፣ እግርጌያቸው ተቀምጦ፣ የተቀመጠበትን አየ።

የአባባ ጸሐዩ አልጋ የጠፍር አልጋ ነው። ጠፍሩ የተተለተለው ቦራ ከሚባለው በሬያቸው ቆዳ ነው። ቦራ የተለመደ በሬ እንዳይመስልህ፤ አጣማጁ ሲታመም ብቻውን አርሶ፣ ማታ አጣማጁን ሊጠይቅ የሚሄድ በሬ ነበር። አርጅቶ ሲታረድ ወይራ አምባ ሦስት ቀን ሥራ ፈታ ይላል ቅጣው። ሥጋውን እንደ ቅርጫ ተከፋፈሉት፤ ቆዳው ግን አልጋ ሆነ።

«አባዬ፣ ሞፈርና ቀንበር በምንድን ነው የሚታሰረው?» አለ ቅጣው።

«በጠፍር ነዋ። ዛሬ ጠፋህ?»

«ጠፍር ርሶ ከታሰረ በኋላ ሲደርቅ ይላላል?»

«ምን ሲደረግ! ብረት ነው የሚሆን። በመጥረቢያ ካልሆነ...» አሉና አባባ ጸሐዩ የልጃቸውን ዓይን ተከትለው የራሳቸውን አልጋ አዩ። መዳፋቸውን ጠፍሩ ላይ ወዲያና ወዲህ አሹት። «እናትህ አንተን የተገላገለችው እዚህ ላይ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እኔም መሞቻዬን እዚሁ ላይ ነበር ያሰብኩት።»

«እሱን እንኳ አላውቅም።»

ሽማግሌው ሳቁ። ሲስቁ ዳሌያቸው ያማቸዋል፤ ቢሆንም ሳቁ። «ፍታው በል። የሚበቃህን ከጫፉ ቁረጥ፤ የቀረውን ግን አትጣለው፣ የቦራ ነው። እኔ መሬትም ላይ እተኛለሁ። ወታደር ቤት ተኝቼበታለሁ።»

ቅጣው ጠፍሩን ጠቅልሎ ጋራዥ ይዞት ሲመጣ ምንዋጋው መጀመሪያ ጠፍሩን አየ፣ ቀጥሎ ቅጣውን አየ።

«አያ ቅጣው፣ ይቺ መኪና ናት፤ ሞፈር አይደለችም።»

«ሁለቱም ወደ ፊት ነው የሚሄዱት። አርጥበው!»

አርጥበው አሳደሩት። በማግሥቱ ምንዋጋው ያረጀውን ጎሚኒ ከአንዱ ዓይን ፈልፍሎ አወጣ፤ ጠፍሩን በባሌስትራው ብረት ዙሪያ እንደ መቀነት አጥብቆ ጠመጠመ፣ ጮማ ቀብቶ፣ በመዶሻ ወደ ዓይኑ ሰደደው። በፀሐይ እንዲደርቅ ተዉት። ሲደርቅ ታዲያ ጠበቀ፤ ጠበቀና ዳማን ወደ ላይ ገፋት። አንድ ስንዝር ከፍ አለች። ክሪኩ ሥራ ፈትቶ ቀረ።

«ከፍ ስትል አይተሃል አይደል፣ ምንዋጋው?» አለ ቅጣው ጎንበስ ብሎ።

«እኔ ሥራ ላይ ነኝ» አለ ከሥር የመጣው ድምፅ።

«ሰማችሁ? አላየሁም አላለም።»

የበዓሉ ዋዜማ አባባ ጸሐዩ ንጹሕ ነጠላቸውን ለበሱ፣ ያቺን የካኪ ኮት ከላይ ደረቡ፣ ጋቢና ውስጥ በትራስ ተደግፈው ተቀመጡ። ዳማም ወጣች። ስትወጣ ማን ሰማት! ኮሽ የለም። በሰቆጣ ገበያ መካከል ስታልፍ አንድ ሰው ዞር አላለም። በመንገዱ የቆመ አህያ እንቅልፍ ወስዶት ነበር፤ ጭራውን ዳብሳው አለፈች፣ አልነቃም። መንገድ ዳር ቆመው የሚጠብቁ ተሳፋሪዎች እስከ ዛሬ እየጠበቁ ነው፣ ማለፏን የነገራቸው የለም።

ካሤ ሳቁን በሻይ ሊያወርደው ሞክሮ ትን አለው።

«ሳቅ፣ ሳቅ» አለ ቅጣው። «ውሾቹን ስነግርህስ?»

«ደግሞ የምን ውሾች?»

የምን ውሾች ይላል! ጮማ የጠጣ የበሬ ቆዳ ከመኪና ሥር ሲሄድ ውሻ ዝም ይላል? መጀመሪያ አንዱ የልኳንዳ ቤት ውሻ ነበር። ከተማው ጫፍ ሲደርሱ አሥር ሆኑ። ደሃና ድንበር ላይ የውሻ ሠራዊት ነበር፤ ጥቁሩ ከጥቁር፣ ቡሬው ከቡሬ ጋር ተሰልፎ፣ ሳይጮኽ፣ ሳይጣላ፣ አፍንጫውን አቅንቶ ይከተላል። አንድ ጅብም በቀትር መጥቶ ከመጨረሻው ረድፍ ገባ፤ ያወቀው የለም፣ አንገቱን ደፍቶ እንደ ውሻ ነበር የሚሄደው።

«ጅቡ ቆይ እንዴት ታወቀ ታዲያ?» አለች ጥሩሐረግ።

«ሲያነክስ።»

ሁሉም ሳቁ። ቅጣው ግን አልሳቀም። ከዚህ በኋላ ያለውን ሲናገር ወደ ዳማ እንጂ ወደ ሰዎቹ አላየም።

አባባ ጸሐዩ መንገድ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ስንት ዓመት ሙሉ ሌሊት እንኳ አጥተውት የኖሩት እንቅልፍ በዳማ ውስጥ መጣላቸው። ግማሽ መንገድ ላይ ብንን ብለው ደነገጡ።

«ቆመናል እንዴ?»

«እየሄድን ነው፣ አባዬ።»

«አትሰማም እኮ! ድምጿ የታል?»

«ጠገንናት እኮ።»

ሽማግሌው በመስኮት አዩ። ዓይናቸው ሩቁን አይለይም፤ ያ መንገድ ደግሞ ለእሳቸው ዱሮም የሚታይ አልነበረም፣ የሚሰማ ነበር። ድልድዩ ላይ እንዲህ ትላለች፣ ቀዩ አፈር ላይ እንዲያ ትላለች፣ ወይራ አምባ ከማዶ በሚታይበት መታጠፊያ ላይ ሁለቴ ኳ ኳ ብላ ታቃስታለች። እዚያ ላይ ነው ጥሩምባውን የሚነፉት። «ታዲያ የት እንደደረስን በምን ላውቅ?» አሉ፣ ልጅ እንደጠፋበት ሰው ባለ ድምፅ። «ብርሃነሽስ በምን ታውቀኛለች?»

ቅጣው ይሄን ጊዜ ምን አደረገ? በአንድ እጁ መሪውን ይዞ፣ በሌላው የዳማን በር ከውጭ ይደልቅ ጀመር። በጉድጓዱ ላይ አንዴ፣ በድንጋዩ ላይ ሁለቴ፣ ቀዩ አፈር ላይ ቀስ አድርጎ። እያንዳንዷን ኩርባ ያውቃታል፤ ጆንያ ላይ ተቀምጦ የተማራት ናት። አባባ ጸሐዩ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ «አዎ፣ ድልድዩ ነው... አዎ፣ አሁን ዞርን» ይላሉ። ለዳማም በአገውኛ የሆነ ነገር ሹክ አሏት፤ ቅጣው ሰምቷል፣ አይናገረውም። መታጠፊያው ላይ ሁለቴ ሲደልቅ ሽማግሌው እጃቸውን ሰደው ጥሩምባውን ነፉት። ሦስት ተራራ መለሰላቸው። «ይኸው ትከሻዬን የጣለኝ የዚያን ቀን ድለቃ ነው» አለ ቅጣው።

«ብርድ ነው ብለኸኝ ነበር እኮ» አለ ካሤ።

«ብርድም አለበት። መስኮቱ ክፍት ነበር።»

«እሺ አምደወርቅ ደረሳችሁ። ከዚያ ወዲያ ግን የእግር መንገድ ነው አላልክም?»

«እሱማ ለሌላ መኪና ነው!»

አምደወርቅ ላይ ዳማ አልቆመችም። አሽትታ ወደ ዳገቱ ዞረች። አህያ በሰልፍ የሚያልፍበት ገደል ላይ ሁለት ጎማዋን መሬት፣ ሁለቱን አየር አስይዛ ወጣች። የድንጋይ እርከኑን እንደ ደረጃ ተራመደችው። ጠፍሩ ሲሳብ ሲለቀቅ፣ ሲሳብ ሲለቀቅ፣ ልክ ቦራ ሞፈር እንደሚጎትተው ነበር፤ አንድ ቦታ ላይማ ቅጣው መሪውን ለቆ «ና ቦራ!» ቢል ራሷ አቀናች። ውሾቹ ዳገቱ ላይ ደክመው ቀሩ፣ ጅቡ ብቻ እስከ አጥሩ ሸኝቷቸዋል።

በዓሉ ላይ የነበረው ሕዝብ ዳማን ሲያይ ግማሹ ሸሸ፣ ግማሹ እልል አለ። ወይራ አምባ ከተፈጠረ ጀምሮ መኪና አይቶ አያውቅም። ከበሮው ቆሞ እንደገና ተጀመረ። ዳማ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቀስ ብላ ቆመች፤ አባባ ጸሐዩ በራሳቸው እጅ በሩን ከፍተው፣ ማንም ሳይነካቸው፣ እንደ ሹፌር ወረዱ። ከወይራዋ ሥር፣ ከብርሃነሽ ራስጌ ተቀመጡ። ከበሮው እስኪያበቃ ተቀመጡ። ታቦቱ ሲገባ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉና «በቃ፣ ደርሻለሁ» አሉ።

«ይኸው ነው» አለ ቅጣው። «አድርስ አሉኝ፣ በዳማ አደረስኳቸው። ከዚያ የተመለስን እንደሆነ...»

ያን ጊዜ ከመኪናው ሥር መዶሻው ለመጨረሻ ጊዜ መታና አንድ ነገር ተንከባሎ ወጣ። ካሤ እግር ሥር ሄዶ ቆመ። ጥቁር፣ የተበላ፣ ክብ ነገር ነው። የምንዋጋው እጅ ከሥር ወጥቶ ሊሸፍነው ተንጠራራ፤ አልደረሰበትም።

ካሤ አነሳው። በጣቱ ጫን አደረገው።

«ጋሽ ቅጣው፣ ይሄ ጎማ ነው እኮ።»

«ጎማ የመሰለው ናፍጣ ጠጥቶ ነው!» አለ ቅጣው፣ ሳይዘገይ። «ጠፍር ናፍጣ ሲጠጣ ጎማ ይሆናል፤ ትምህርት ቤት አላስተማሯችሁም? ደግሞም ያኛው ነው እንጂ ጠፍሩ፣ በዚያኛው ጎን ያለው...»

«ሁለቱንም አውጥቻለሁ፣ አያ ቅጣው» አለ ምንዋጋው ከሥር፣ እያዘነ።

ካሤ ሊስቅ አፉን ከፈተ። ጥሩሐረግ ግን አልሳቀችም፤ ወደ ግድግዳው ታያለች። አባባ ጸሐዩ ዓይናቸውን አልገለጡም፤ ብቻ ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አስተካክለዋል።

«ልጄን ተዉት» አሉ ቀስ ብለው።

ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ቀጠሉ።

«ዳማ ከዚህ ግቢ አልወጣችም። ጠፍሩ ገና ጎማዋ አንዴ ሲዞር ተሰነጠቀ። ምንዋጋው ያውቃል፣ ያንኑ ቀን ነቅሎ አሮጌውን ጎማ መለሰበት፤ ትቁም ብለን ተውናት። እስከ አምደወርቅ በሚኒባስ ነው የሄድነው። ከዚያ ወዲያ የመኪና መንገድ የለም፤ ያኔም አልነበረም፣ ዛሬም የለም። በቅሎ ተገኝታ ነበር፤ ዳሌዬ አልከፈት አለ።»

«አባዬ፣ ለማንም አንናገርም ተባብለን አልነበር?» አለ ቅጣው። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«አትናገር ያልኩህ እኔ ነኝ። ሹፌር ጸሐዩ ታዝሎ ገባ እንዳይባል ነው።» ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን ጋቢ ጫፍ ዳሰሱ፣ ያዙት። «በቀረው የአልጋዬ ጠፍር ከጀርባው ላይ አስሮ ነው የወሰደኝ። እስከ ወይራዋ ሥር ድረስ። ትከሻውን የበላው ጠፍሩ ነው፤ ብርድም አይደለም፣ በር መደለቅም አይደለም። ያን ሁሉ ዳገት ሲወጣ ደግሞ፣ ይሄ የምታውቁት ቅጣው፣ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።»

ትንሽ አሰቡ።

«ውሻም አልተከተለንም» አሉ።